የሞተር ብስክሌት ፍሪሲዮን ሲበላ በቤታችን እንዴት እንለውጠዋለን?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሞተር ብስክሌት ፍሪሲዮን ነው። በየገጠሩ ሞተር እየበዛ ነው። ማዳበሪያ ይጭናል፤ ምርጥ ዘር ያመጣል፤ በገበያ ቀን ሰው ያመላልሳል። መኪና በማይገባበት ቀበሌ በሌሊት ምጥ የያዛት እናት ወደ ጤና ጣቢያ የምትደርሰው ብዙ ጊዜ በጎረቤት ሞተር ነው። እንግዲህ አስቡት። ሞተሩ ዳገቱ መሐል ላይ ሲደርስ ይጮሃል እንጂ አይሄድም። ቤንዚን ሲጨምሩለት ጩኸቱ ይብሳል፤ ጎማው ግን ወደኋላ መንሸራተት ይጀምራል። ይህ የሚሆነው ፍሪሲዮኑ ስለተበላ ነው።

ፍሪሲዮን በአንድ ቀን አያልቅም። አስቀድሞ ምልክት ያሳያል። ምልክቱን ያወቀ ሰው በደህና ቀን፣ በደጁ፣ በራሱ እጅ ሊለውጠው ይችላል። ትምህርቱ ረዘም ያለ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ባትጨርሱት አትጨነቁ። ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ግማሹን አንብቡት። ሥራውን ስትጀምሩ ደግሞ አንዱ ያንብብ፣ ሌላው ይፍታ።

ፍሪሲዮን ምንድን ነው?

ገበሬ ሲያርስ ከትልሙ ጫፍ ሲደርስ ምን ያደርጋል? ማረሻውን ከአፈር ነቅሎ ያነሳል። በሬዎቹ እየተራመዱ ይዞራሉ፤ ማረሻው ግን አፈር አይዝም። ከዞሩ በኋላ ማረሻውን መልሶ ይተክላል። ፍሪሲዮንም ሥራው እንደዚሁ ነው። በግራ እጃችሁ ያለውን መጭመቂያ ስትጨብጡ ሞተሩ ይዞራል፤ ጉልበቱ ግን ወደ ጎማው አይደርስም። ቀስ አድርጋችሁ ስትለቁት ጉልበቱ ይያያዛል፤ ሞተሩም ይሄዳል። ማርሽ የምንቀይረው በዚህ መሐል ነው።

ውስጡ ምን ይመስላል? ክብ ክብ ሳህኖች እንደ እንጀራ ተደራርበው ተቀምጠዋል። ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ሸራ የተለጠፈበት ነው፤ ይህን የፍሪሲዮን ሸራ እንለዋለን። ሁለተኛው ልሙጥ ብረት ነው። አንድ ሸራ፣ አንድ ብረት፣ አንድ ሸራ፣ አንድ ብረት እየተባለ ይደረደራል። ከላይ የመጫኛ ክዳን አለ። ክዳኑን ሞላዎች ይጫኑታል። ሞላዎቹ ሲጫኑ ሳህኖቹ ተጣብቀው አብረው ይዞራሉ።

ሁለት መዳፋችሁን አጋጥማችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑ። አንዱን እጅ ስትገፉ ሌላው አብሮ ይሄዳል፤ አይደል? አሁን መዳፋችሁን ሳሙና ቀቡና ድገሙት። ይንሸራተታል። ሸራው ሲሳሳ ወይም ሞላው ሲደክም ፍሪሲዮኑ እንደዚያ ሳሙና እንደነካ መዳፍ ይሆናል።

ሸራው መበላቱን በምን እናውቃለን?

ሜዳ መንገድ ላይ በከፍተኛ ማርሽ እየሄዳችሁ ቤንዚን በድንገት ጨምሩ። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ዳገት ላይ ጭነት ሲኖር የሚያቃጥል ሽታ ይሸታል። ያው መንገድ ከወትሮው የበለጠ ቤንዚን ይበላል። በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ማስነሻውን ስትረግጡት ሞተሩን ሳያዞር ሾልኮ ይወርዳል።

ተቃራኒ ሕመምም አለ። መጭመቂያውን እስከ መጨረሻው ጨብጣችሁ ሳለ ሞተሩ ወደፊት ከጎተተ፣ ማርሽ ሲገባ ከተንኳኳ፣ ዜሮ ማርሽ ማግኘት ካስቸገረ፣ ፍሪሲዮኑ አልላቀቅ ብሏል ማለት ነው። ይህ ከገመዱ መላላት ወይም ከብረት ሳህኖቹ መጣመም ሊመጣ ይችላል።

መጀመሪያ ገመዱን እዩ

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት፤ ገንዘብ ያድናል። ሞተሩ ተንሸራተተ ብሎ ወዲያው ሸራ የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የገመዱ ነው። ሸራው ሲሳሳ የገመዱ ልል እያነሰ ይሄዳል። ገመዱ ፈጽሞ ሲወጠር መጭመቂያው ሳይጨበጥ እንኳ ፍሪሲዮኑን በትንሹ ይጎትተዋል። ያኔ ደህናው ሸራም ይንሸራተታል፤ ተንሸራቶም ይቃጠላል።

መጭመቂያውን በአንድ ጣት ቀስ አድርጋችሁ ሳቡት። ገመዱ መክበድ ከመጀመሩ በፊት የመጭመቂያው ጫፍ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር በነፃ መንቀሳቀስ አለበት። የአንድ ጣት ስፋት ያህል ነው። ይህ ከሌለ በመጭመቂያው ሥር ያለውን ማስተካከያ አዙራችሁ አላሉት። እሱ ካልበቃ በታች በሞተሩ በኩል ሌላ ማስተካከያ አለ። ካስተካከላችሁ በኋላ ነድታችሁ ሞክሩ። መንሸራተቱ ከቀረ ሌላ ሥራ የለም፤ ሂዱ ወደ እርሻችሁ።

ዘይቱንም ጠይቁ። የብዙ ሞተር ብስክሌቶች ፍሪሲዮን የሚዞረው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ነው። አንዳንድ የመኪና ዘይት ቤንዚን ለመቆጠብ ሲባል የሚያሙለጨልጭ ቅመም ይጨመርበታል። ለመኪና ጥሩ ነው፤ በዘይት ውስጥ ለሚዞር ፍሪሲዮን ግን ሳሙና ነው። ጃፓኖች በ1998 እ.ኤ.አ. ለሞተር ብስክሌት ዘይት መለያ አውጥተዋል። ስሙ ጃሶ ይባላል። ዘይት ስትገዙ «ጃሶ ኤም ኤ የተጻፈበት ስጠኝ» በሉት ባለሱቁን። ጣሳው ላይ ጽሑፉን እንዲያሳያችሁም ጠይቁት።

ሳትፈቱት ምን ዓይነት እንደሆነ እወቁ

ከ100 እስከ 150 ሲሲ በሆኑት ሞተሮች ላይ ፍሪሲዮን በሁለት መንገድ ይሠራል። በአንደኛው የመጫኛው ክዳን በውጭ በኩል ነው። የሞላዎቹን ቡሎኖች ፈትታችሁ ክዳኑን ስታነሱ ሳህኖቹ ተራ በተራ ይወጣሉ። ይህ በቤት ይሠራል።

በሁለተኛው መጫኛው ከሳህኖቹ በስተጀርባ ነው። ሆንዳ በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲጂ 125 እንደዚህ ነው። የእሱን አሠራር የተከተሉ ብዙ የቻይና ሞተሮችም እንደዚያው ናቸው። ሲጂ ጠንካራ ሞተር ነው፤ ስሙን ማጥፋታችን አይደለም። ግን ሳህኖቹን ለማውጣት መሐል ላይ ያለው መያዣ መፈታት አለበት። ብዙውን ጊዜ አራት ቦታ የተፈለጠ ክብ ዳዶ ነው። የራሱ ቁልፍ አለው። ቁልፉ የሌለው ሰው በካቻቢቴና በመዶሻ እየመታ ሊፈታው ይሞክራል። ዳዶው ይበላሻል፤ የተሰነጠረ ብረትም ሞተር ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለ ዳዶ ካያችሁና ቁልፉ ከሌላችሁ ክዳኑን መልሳችሁ ግጠሙና ወደ መካኒክ ሂዱ። በአንድ አካባቢ እንደዚህ ያሉ ብዙ ሞተሮች ካሉ ባለቤቶቹ ገንዘብ አዋጥተው ቁልፉን በጋራ ቢገዙ ያዋጣል ባይ ነን።

ከዚህ በታች የምንነግራችሁ ስለ አንደኛው ዓይነት ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ሸራዎቹን በሙሉ ግዙ፤ ከአምስቱ ሁለቱን ብቻ መለወጥ ጥቅም የለውም። የሞተሩን ዓይነትና ስንት ሲሲ እንደሆነ በወረቀት ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የሚቻል ከሆነ ግን አሮጌውን ሸራ አውጥታችሁ ለባለሱቁ አሳዩት፤ የጥርሱን ቁጥርና የክቡን ስፋት ከአዲሱ ጋር አጋጥሙ። ከሸራው ጋር የክዳኑን ጓርኒሲዮን ግዙ። ጓርኒሲዮን በሁለት ብረቶች መሐል ገብቶ ዘይት እንዳይፈስ የሚያደርገው ወረቀት ነው። አዲስ የሞተር ዘይትም ያስፈልጋል። ስንት ሊትር እንደሚይዝ ብዙ ጊዜ በሞተሩ አካል ላይ ተጽፏል፤ ለእነዚህ ሞተሮች ወደ 1 ሊትር ገደማ ነው። ከመሣሪያ ልክ ልካቸው የሆኑ ቁልፎች፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የእንጨት መዶሻ፣ ሳፋ፣ ንጹህ ጨርቅና አንድ ካርቶን ይበቃል።

አዲሶቹን ሸራዎች ከመግጠማችሁ በፊት ባለው ማታ በአዲስ የሞተር ዘይት ነክሯቸው ያድሩ። ደረቅ ሸራ የገጠመ ሰው በመጀመሪያው ጉዞ ያቃጥለዋል። ገንዘቡ በአንድ ቀን ጭስ ሆነ ማለት ነው።

አፈታቱ

ደልዳላ፣ ንፋስና አቧራ የሌለበት ቦታ ምረጡ። ዐውድማ አጠገብ አይሁን፤ ገለባ ዘይት ውስጥ ይገባል። ሞተሩን በመሐል መቆሚያው አቁሙት። ዘይቱ እንዲቀጥን ጥቂት ደቂቃ አስነሱት፤ ከዚያ አጥፍታችሁ ከታች ያለውን የዘይት ቡሎን ፍቱና በሳፋ ተቀበሉት። ማርሚታው ይፋጃል፤ እስኪቀዘቅዝ ቆዩ። ልጆችን አርቁ።

ፍሪሲዮኑ ያለው በብዙዎቹ በቀኝ ጎን ነው። ገመዱን አላልታችሁ ከጫፉ አውጡት። ማስነሻውን ከመንቀላችሁ በፊት ማስነሻውና ዘንጉ በተገናኙበት ቦታ በሹል ነገር አንድ ጭረት አድርጉ። ስትመልሱት ጭረቱ ከጭረቱ ይግጠም። የእግር መርገጫው መንገድ ከዘጋ እሱንም ፍቱ።

አሁን ካርቶኑ ይምጣ። የክዳኑን ቅርጽ በእርሳስ ሣሉበት። ቡሎኖቹ ባሉበት ቦታ ቀዳዳ አብጁና ቁጥር ጻፉ፦ 1፣ 2፣ 3 እያላችሁ። ከክዳኑ የምትፈቱትን እያንዳንዱን ቡሎን በራሱ ቀዳዳ ሰኩት። ይህ የልጅ ጨዋታ አይደለም። ቡሎኖቹ እኩል አይደሉም፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ነው። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ አስገብቶ ያጠበቀ ሰው የሞተሩን ብረት ይሰነጥቃል። አጭሩ በረጅሙ ቦታ ከገባ ደግሞ ጥርሱን ይዞ ይወጣል። እርሳስና ካርቶን ያለው ሰው ግን አይሳሳትም።

ክዳኑ ከተጣበቀ ዙሪያውን በእንጨት መዶሻ ቀስ ቀስ እያላችሁ ምቱት። ካቻቢቴ በመሐል አስገብታችሁ አትፈልቅቁ። ብረቱ አሉሚኒየም ነው፤ ይጫራል፤ የተጫረ ክዳን ዕድሜውን ሙሉ ዘይት ያንጠባጥባል። ክዳኑ ሲወጣ ሁለት ትንንሽ ቱቦ የሚመስሉ ካስማዎች ሊወድቁ ይችላሉ። አስቀምጧቸው፤ ክዳኑን በቦታው የሚያስተካክሉት እነሱ ናቸው። የማስነሻው ሞላም ከቦታው ተነስቶ እንደሆነ እዩ።

ፍሪሲዮኑ አሁን ይታያል። ጎድጓዳ ክብ ነገር ነው፤ ፊቱ ላይ ብዙ ጊዜ አራት ሞላና አራት ቡሎን አለ። እንዳይዞርባችሁ ሞተሩን ማርሽ ውስጥ አስገቡና አንድ ሰው የኋላውን ፍሬን ይርገጥ። አራቱን ቡሎኖች በተራ፣ በየጊዜው ግማሽ ዙር ብቻ፣ በመስቀለኛ ፍቱ። አንዱን ከፈታችሁ ቀጥሎ የሚፈታው ከፊት ለፊቱ ያለው ነው። አንዱን ጨርሳችሁ ከፈታችሁ የሌሎቹ ሞላዎች ጉልበት በአንድ ወገን ይመጣና የቡሎኑን መትከያ ይሰብረዋል። ያ መትከያ ከተሰበረ ወጪው ከሸራው ይበልጣል።

ክዳኑ ሲነሳ ከመሐሉ መግፊያ ዘንግ፣ አንዳንዴም ትንሽ የብረት ኳስ ወይም ኩሽኔታ ይወጣል። ከዘይቱ ጋር ተንሸራታ የጠፋች ኳስ ብዙ ሰው አስለቅሳለች። እጃችሁን ከሥር ያዙ። ሳህኖቹን አንድ በአንድ አውጥታችሁ በወጡበት ተራ ጨርቅ ላይ ደርድሯቸው። በአንዳንድ ሞተር የመጀመሪያው ወይም የመጨረሻው ሸራ ከሌሎቹ ስለሚለይ ተራው እንዳይፋለስ።

ምርመራ

የአሮጌና የአዲስ ሸራ ልዩነት ለዓይን ትንሽ ነው። የአንድ አዲስ ሸራ ውፍረት በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ወደ 3 ሚሊ ሜትር ነው። መለኪያ የሌለው ሰው እንዴት ይወቅ? ሒሳብ እንሥራ። አዲሶቹን 5 ሸራዎች ደርባችሁ አስቀምጡ፦ 5 ጊዜ 3፣ 15 ሚሊ ሜትር። አሮጌዎቹን 5 በአጠገባቸው ደርቡ። እያንዳንዱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ተበልቶ ቢሆን 5ቱ በጠቅላላው 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ያንሳሉ። አንዱን ብቻ ስታዩት ያልታየው ክምሩ ሲነጻጸር በግልጽ ይታያል። ሸራው ከጠቆረ፣ ከተፈረፈረ ወይም እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ደግሞ መለካትም አያስፈልግም።

የብረት ሳህኖቹን አጥባችሁ በመስታወት ላይ አስተኟቸው። ከተወላገደ ጫፉን ስትጫኑት ይወዛወዛል። ሰማያዊ መልክ ያለው ተቃጥሏል፤ ለውጡት። ሞላዎቹን እኩል ቦታ ላይ አቁሟቸው፤ ከአዲስ ያጠረ ካለ ሁሉንም ለውጡ። የጎድጓዳውን ቤት ጣቶችም ዳስሱ። የሸራው ጥርስ የሚመታቸው ቦታ ላይ ጉድጓድ ይበጃል። ትንሽ ከሆነ በደቃቅ ሞረድ በእኩል ማለስለስ ይቻላል፤ ብናኙ ግን ውስጥ እንዳይገባ ጨርቅ ወትፉበት። ጥልቅ ከሆነ ቤቱ ራሱ መለወጥ አለበት። ያ የመካኒክ ሥራ ነው።

አገጣጠሙ

እጃችሁን ታጠቡ። መጀመሪያ ሸራ፣ ቀጥሎ ብረት፣ እንደገና ሸራ። በሸራ ይጀመራል፣ በሸራ ያልቃል። 5 ሸራ ካለ 4 ብረት ይኖራል። ሁለት ብረት ጎን ለጎን ከገጠማችሁ ወይም አንድ ከተረፈ ተሳስታችኋል፤ ከመጀመሪያው ቁጠሩ። የብረት ሳህን አንዱ ጠርዝ ስል፣ አንዱ ለስላሳ ከሆነ ስሉ ሁሉም ላይ በአንድ ወገን ይዙር።

መግፊያውንና ኳሱን መልሱ። የመጫኛው ክዳን ጥርሶቹ ከመሐሉ ጥርስ ጋር በትክክል መግባታቸውን በእጃችሁ አረጋግጡ፤ ምልክት ወይም ነጥብ ካለ ነጥብ ከነጥብ ይግጠም። ሳይገባ ቡሎን ያጠበቀ ሰው ክዳኑን ይሰብራል። ሞላዎቹን አስገቡና ቡሎኖቹን እንደ አፈታቱ በመስቀለኛ፣ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ አጥብቁ። እዚህ ላይ የክንድ ጉልበት አያስፈልግም። ቡሎኖቹ ቀጫጭን ናቸው፤ አጭር ቁልፍ ያዙና በእጅ አንጓ ብቻ አጥብቁ። እኛ ገበሬዎች ነን፣ እጃችን ቀንበር የለመደ ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን እንደ ሸማኔ መሆን ይሻላል።

አሮጌውን ጓርኒሲዮን ጠርጋችሁ አውጡ። ፊቱ ከዘይት ደርቆ ይጽዳ። ካስማዎቹን፣ ቀጥሎ አዲሱን ጓርኒሲዮን፣ ከዚያ ክዳኑን አስገቡ። ክዳኑ በእጅ ግፊት ብቻ ገብቶ መተኛት አለበት። ክፍተት ከቀረ አንድ ነገር ውስጥ አልገጠመም ማለት ነው። በቡሎን ጎትታችሁ አታስገቡት፤ አውጥታችሁ እዩ። ከዚያ ቡሎኖቹን ከካርቶኑ ላይ በቁጥራቸው መልሱ።

ዘይት ከመጨመራችሁ በፊት የታችኛውን የዘይት ቡሎን ከነሮንዴላው መግጠማችሁን እዩ። ይህን ረስቶ አዲሱን ዘይት መሬት ያጠጣ ሰው አንድና ሁለት አይደለም። ከሞሉ በኋላ ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አስነስታችሁ አጥፉ፤ ትንሽ ቆይታችሁ ሞተሩ ቀጥ ብሎ እንደቆመ የዘይቱን ልክ መለኪያው ላይ አንብቡ። ገመዱን መልሳችሁ የጣት ስፋት ያህል ልል ስጡት።

ሙከራ

የኋላው ጎማ ከመሬት እንደተነሳ ሞተሩን አስነሱ። መጭመቂያውን ጨብጣችሁ አንደኛ ማርሽ አስገቡ። ጎማው ቀስ ብሎ ቢዞር አትደንግጡ፤ የእግር ፍሬን ስትረግጡ ሞተሩ ሳይጠፋ ጎማው ከቆመ ደህና ነው። ካልቆመ ገመዱ በጣም ልል ነው። ቀጥሎ ብቻችሁን፣ ያለ ጭነት፣ ሜዳ ላይ ንዱ። ሰው ለመጫን አትቸኩሉ። አዲሱ ሸራ ከብረቱ ጋር እስኪላመድ ለጥቂት ቀን ዳገትና ከባድ ጭነት ይቆየው። ከዚያ የገመዱን ልል እንደገና ለኩ፤ ትንሽ ተለውጦ ታገኙታላችሁ።

ከዚህ በኋላ ስትነዱ ጣታችሁን ከመጭመቂያው ላይ አውርዱ። ጣት አሳርፎ የመንዳት ልማድ ሸራ ይበላል። ዳገት ላይ ቆሞ መጠበቅም በፍሬን ነው እንጂ ፍሪሲዮንን በግማሽ ይዞ አይደለም።

በሳፋ የቀረው ጥቁር ዘይት አለ። ምንጭ፣ ጉድጓድ ወይም ማሳ አጠገብ አትድፉት። በውስጡ የብረት ብናኝና የተቃጠለ ነገር ስላለ ለከብት ቁስል፣ ለመዥገርም ሆነ ለእህል ጎተራ እንጨት አይቀባ። ክዳን ባለው ዕቃ አድርጋችሁ ከተማ ስትወርዱ ለጋራዥ ስጡት። ዕቃው ላይ በትልቁ «የተቃጠለ ዘይት» ብላችሁ ጻፉበት፤ ያ ጀሪካን ዳግመኛ ውኃ አይቀዳበትም።